ልብስ ሥር የሚያዝ ትንሽ ሽጉጥ እንዴት ይመረጣል? ለጎጃም ሰው

ጎጃም ውስጥ ጠመንጃ ብርቅ አይደለም። አያት ስለ ምንሽርና ስለ አልቢን ያወራል፤ አባት ክላሹን በጨለማ ፈትቶ ይገጥማል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው ሽጉጥንም የሚያውቅ ይመስለዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በክላሽ 100 ሜትር ላይ ኢላማ የማይስት ሰው፣ ትንሽ ሽጉጥ ሲይዝ 7 ሜትር ላይ የተቀመጠ ጀሪካን ሊስት ይችላል።

ጠመንጃ ትከሻ ላይ ይደገፋል፤ ጉንጭ ይነካዋል፤ ሁለት እጅ ይሸከመዋል። ሽጉጥ ከእጅ ሌላ ድጋፍ የለውም። ክላሽ ላይ በፊተኛውና በኋለኛው ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት ወደ 38 ሳንቲሜትር ይጠጋል። ማካሮቭ የሚባለው የሩሲያ ሽጉጥ ላይ 13 ሳንቲሜትር ነው። ይህ ርቀት ባጠረ ቁጥር ትንሿ የእጅ መንቀጥቀጥ ኢላማው ዘንድ ስትደርስ ትልቅ ስህተት ትሆናለች። ከማካሮቭ ያነሰ ሽጉጥ ላይ ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ይህን ይያዙ፦ ትንሽ ሽጉጥ ለመሸከም ይቀላል፣ ለመተኮስ ግን ይከብዳል። ሲመርጡ ከሁሉም ያነሰውን አይፈልጉ። ቀኑን ሙሉ ሳይሰለቹ ሊይዟቸው ከሚችሉት መካከል ተለቅ ያለውን ይፈልጉ።

1. ከሽጉጡ በፊት ፈቃዱ

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ በኋላ ነገሩ ግልጽ ነው። ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መያዝ፣ መግዛት፣ መሸጥ፣ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ወንጀል ነው። ከአባት የቀረ ሽጉጥም ቢሆን በስምዎ ፈቃድ ካልወጣበት ይዘውት አይወጡም።

ብዙ ሰው ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። መጀመሪያ ሽጉጥ ያይና ይወደዋል፤ ቀብድ ይከፍላል፤ ከዚያ ስለ ፈቃድ ማሰብ ይጀምራል። እርስዎ ግን መጀመሪያ ፖሊስ ዘንድ ይሂዱ። ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሚፈቀድ፣ ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልግ፣ ከማን መግዛት እንደሚቻል፣ የት ይዞ መግባት እንደማይፈቀድ ይጠይቁ። ሊገዙ ያሰቡት ሽጉጥ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከሻጩ ወረቀት ጋር አንድ መሆኑን በዓይንዎ ያመሳክሩ። ቁጥሩ በሞረድ የተፋቀ ከሆነ ዋጋውን እንኳ አይጠይቁ።

ሌላም ነገር አለ። በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. እንደታወጀው ዓይነት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲኖር፣ ወይም የአካባቢው የጸጥታ አካል የተለየ ትእዛዝ ሲያወጣ፣ ፈቃድ ያለው ሰው እንኳ መሣሪያ ይዞ እንዳይንቀሳቀስ ሊከለከል ይችላል። ከቤት ከመውጣትዎ በፊት የዕለቱን ትእዛዝ ይጠይቁ። በግልጽ ልናገረው፦ ጎጃም ባለፉት ዓመታት በቆየችበት ሁኔታ፣ ወገብ ላይ ያለ ሽጉጥ ባለቤቱን ከማዳን ይልቅ አደጋ የሚጠራበት ቀን ብዙ ነው። መንገዱ ኬላና ፍተሻ የሚበዛበት ከሆነ፣ ከሁሉ የሚሻለው ሽጉጡን ቤት ቆልፎ መሄድ ነው። ይዘው ኬላ ላይ ከደረሱ ደግሞ እጅዎን ወደ ወገብዎ አይስደዱ። ሁለቱንም እጅዎን አሳይተው፣ መሣሪያና ፈቃድ እንዳለዎት አስቀድመው ይናገሩ። ከዚያ የሚሉዎትን ያድርጉ።

2. ለምን ሥራ ነው?

የሌሊት ከብት ጥበቃ ከሆነ ሽጉጥ አይሆንም። ጨለማ ውስጥ፣ በሜዳ ርቀት፣ ትንሽ ሽጉጥ ከድምፅ ያለፈ ጥቅም የለውም። ውሻና ጥሩ የእጅ ባትሪ ይበልጡታል።

ትንሽ ሽጉጥ ትርጉም የሚኖረው በቅርብ ርቀት ነው። የቡሬ ወይም የፍኖተ ሰላም የእህል ነጋዴ ገንዘብ ይዞ መጋዘኑን ሲዘጋ፣ ሆቴል ያላት ሴት ሌሊት ሒሳብ ዘግታ ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ አደጋው የሚመጣው ከክንድ ርቀት እስከ ጥቂት ሜትር ድረስ ነው። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ለዚህ ርቀት ነው።

3. ክብደትና መጠን

ማካሮቭን እንደ መለኪያ እንውሰደው። አገራችን ውስጥ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ብዙ ሰው በእጁ ይዞት ያውቃል። ባዶው 730 ግራም ይመዝናል። ርዝመቱ 16 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል። ሌላው የሩሲያ ሽጉጥ፣ ቶካሬቭ፣ ከዚህ ይረዝማል፤ ወደ 19 ሳንቲሜትር ከግማሽ ይጠጋል፤ ክብደቱም 850 ግራም ገደማ ነው። የጣሊያኑ ቤሬታ 1934 ደግሞ 660 ግራም አካባቢ ሆኖ 7 ጥይት ይይዛል።

አዲሶቹ ትንንሽ ሽጉጦች ገላቸው ፕላስቲክ ስለሆነ በጣም ቀለዋል። ግሎክ 43 ባዶ ካዝናው ገብቶበት 500 ግራም ገደማ ነው፤ 6 ጥይት ይይዛል። ሲግ ፒ365 በተቀራራቢ ክብደት 10 ጥይት ይይዛል። ሩገር ኤልሲፒ የሚባለው 270 ግራም አካባቢ ብቻ ነው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642 የሚባለው ባለ 5 ጥይት ሪቮልቨር (ጥይቱ በሚዞር ጎጆ ውስጥ የሚገባ ሽጉጥ) 420 ግራም ገደማ ይመዝናል።

ባለ 270 ግራሙን ኪስ ውስጥ ሲያስገቡት መኖሩን ይረሱታል። ሻጭም የሚያሞግሰው በዚህ ነው። ነገር ግን የሽጉጥ ክብደት ሥራ አለው። ጥይቱ ወደፊት ሲወጣ ሽጉጡን ወደ ኋላ ይረግጠዋል፤ ያንን እርግጫ የሚችለው የብረቱ ክብደት ነው። ያው ጥይት ከቀላል ሽጉጥ ሲወጣ እጅን የበለጠ ይመታል። አፈሙዙ ወደ ላይ ይዘላል። ሁለተኛውን ጥይት ለመተኮስ እንደገና ማነጣጠር ጊዜ ይወስዳል። ከሁሉ የከፋው ግን ሰውየው መፍራት መጀመሩ ነው። ምላጩን ገና ሳይስብ እጁ ይኮማተራል፤ ጥይቱም መሬት ይመታል። እጁን የመታው ሽጉጥ ደግሞ ልምምድ ያስጠላዋል። ሳይለማመድ ሽጉጥ ይዞ የሚዞር ሰው ለራሱም ለሰውም አደጋ ነው።

የእኔ ምክር፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚይዝ ሰው ከ500 እስከ 750 ግራም ያለው ይሻላል። ከዚያ በታች ያለው የሚሆነው ብዙ ለተኮሰ ሰው ነው።

ስለ መጠን ሲያስቡ አፈሙዙን ብቻ አይለኩ። ወገብ ላይ ልብስ ገፍቶ የሚታየው አፈሙዙ አይደለም፤ እሱ ሱሪ ውስጥ ይገባል። የሚያጋልጠው እጀታው ነው። ስለዚህ ሁለት ሽጉጥ ሲያወዳድሩ እጀታው ምን ያህል እንደሚረዝም፣ ጠቅላላው ምን ያህል እንደሚወፍር ይዩ። የግማሽ ሳንቲሜትር ውፍረት በርዝመት ከ2 ሳንቲሜትር በላይ ይከብዳል። የአየሩንም ነገር ያስቡ። ደብረ ማርቆስና ጮቄ ሥር ካፖርትና ጋቢ ዓመቱን ሙሉ ይለበሳል፤ ማካሮቭ ያለ ችግር ይሸፈናል። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ሲወርዱ ግን ካፖርቱ ይወልቃል፤ ሸሚዝ ብቻ ይቀራል። ብዙ ጊዜዎን የሚያሳልፉበት ቦታ የትኛው እንደሆነ አስበው ይምረጡ።

4. ጥይቱ፦ ዘጠኝ ሁሉ አንድ አይደለም

«ዘጠኝ ቁጥር ነው» ብሎ የሚሸጥልዎትን ሰው በደንብ ይጠይቁት። ዘጠኝ ሚሊሜትር የሚባሉ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ጥይቶች አሉ። የቤሬታ 1934 ጥይት 9 በ17 ነው (የመጀመሪያው ቁጥር ወደፊት የሚወጣውን እርሳስ ስፋት፣ ሁለተኛው የቀለሁን ርዝመት በሚሊሜትር ገደማ ያሳያል)። የማካሮቭ 9 በ18 ነው። የግሎክ 43ና የብዙዎቹ አዳዲስ ሽጉጦች 9 በ19 ነው። አንዱ በሌላው አይተካም። የማካሮቭ እርሳስ ስፋቱ ራሱ 9.27 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን የ9 በ19ኙ 9.01 ገደማ ነው። ሽጉጡ ላይ የተቀረጸውን አንብበው፣ ከጥይቱ ጋር አመሳክረው ብቻ ይግዙ።

የጉልበታቸው ነገርም ይለያያል። 9 በ17ና 9 በ18 ለስለስ ያሉ ናቸው። 9 በ19 ጠንከር ይላል፤ ከትንሽ ሽጉጥ ሲተኮስም ይሰማል። የቶካሬቭ 7.62 በ25 ደግሞ ፈጣንና ሰርሳሪ ነው። ይህን በቸልታ አይለፉት። የእኛ ቤት ግድግዳ ባሕር ዛፍና ጭቃ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ጎረቤትም ቅርብ ነው። የትኛውም የሽጉጥ ጥይት ቆርቆሮና ሳንቃ ያልፋል። የጭቃ ግድግዳም ያቆመዋል ብሎ መተማመን አይቻልም። የቶካሬቩ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ከተማ ውስጥ፣ ሰው በሚተኛበት ግቢ፣ እኔ ቶካሬቭን ለማንም አልመክርም።

የጥይቱ መገኘትም አንድ መስፈርት ነው። በሕጋዊ መንገድ ጥይት የማያገኙለት ሽጉጥ ምንም ቢያምር አይግዙት፤ ሊለማመዱበት አይችሉም።

5. እጅዎ ላይ ይሞክሩት

መጀመሪያ ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ። ቅደም ተከተሉ አይለወጥም። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ያዙሩ። ካዝናውን ያውጡ። ከዚያ የላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ስበው ይያዙና ጥይት መጉረሻውን በዓይንዎ ይዩ፤ በጣትዎም ይዳስሱ። ካዝናውን ሳያወጡ ተንሸራታቹን ከሳቡ አንድ ጥይት ወጥቶ ሌላ ይጎርሳል። «ባዶ ነው» ተብሎ ሰው የሚሞተው በዚህ ነው። ሻጩ አሁን አሳይቶኛል ብለው አይለፉት፤ ራስዎ ይድገሙት።

አሁን እጀታውን ይጨብጡ። ስንት ጣት ያዘው? ትንንሾቹ ሽጉጦች ላይ ትንሿ ጣት ማረፊያ ታጣለች። ሦስት ጣት ሙሉ በሙሉ ከያዘ ጥሩ ነው፤ ሁለት ብቻ ከያዘ ሽጉጡ ሲተኮስ እጅዎ ውስጥ ይዞራል። አመልካች ጣትዎ ጭብጥዎን ሳይቀይሩ ምላጩ ላይ በደንብ ይደርሳል? ጣትዎ ወፍራም ከሆነስ ከሚገባው በላይ ዘልቆ አይገባም? በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል ያለው ሥጋ ከተንሸራታቹ መንገድ ውጭ መሆኑንም ይዩ። አለበለዚያ ሲተኩሱ ይቆርጥዎታል።

ከዚያ ተንሸራታቹን አምስት ስድስት ጊዜ በተከታታይ ይሳቡ። ይህ ፈተና ብዙ ሰው ይጥላል፤ በተለይ እጃቸው የደከመ አዛውንትንና አንዳንድ ሴቶችን። ትንሽ ሽጉጥ ስለሆነ ይቀላል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ሽጉጡ ባነሰ ቁጥር የውስጥ ሞላው ይጠነክራል፤ የሚጨበጠውም ቦታ ያንሳል። ማካሮቭም ሞላው ጠንካራ ነው። ካልቻሉ አይታገሉ። ሪቮልቨር ተንሸራታች የለውም፤ ካዝናም የለውም። ጥይቱን በየጎጆው አስገብተው ይዘጋሉ፤ ምላጩን ይስባሉ። የመጀመሪያው ጥይት ባይፈነዳ እንደገና ሲስቡ ሌላው ይመጣል። ጉዳቱ ምላጩ ረጅምና ከባድ መሆኑ፣ ጥይቱም 5 ብቻ መሆኑ ነው። ለደከመ እጅ ምላጩም ሊከብድ ስለሚችል እሱንም ይሞክሩት።

የማነጣጠሪያውን ነገር በአጭሩ፦ ትንሽና ጠፍጣፋ ሆኖ የማይታይ ከሆነ ይተዉት። ቀለሙና ጌጡ ለምርጫ አይቆጠርም።

6. መጠበቂያው፦ እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ

ሽጉጥ ቀኑን ሙሉ ገላ ላይ ይውላል። ይቀመጣሉ፣ ይነሣሉ፣ ባጃጅ ይሳፈራሉ፣ አንዳንዴም ይወድቅብዎታል። ስለዚህ ሳይፈለግ እንዳይተኩስ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ሳያውቁ አይግዙ።

ማካሮቭ በግራ ጎኑ መጠበቂያ አለው። ወደ ላይ ሲገፋ ተቆልፏል፤ ወደ ታች ሲወርድ ለመተኮስ ዝግጁ ነው፤ ቀዩ ነጥብም ይታያል። ወደ ላይ ሲገፉት የተነሣውን መዶሻም በሰላም ያወርደዋል። ሌሎች ሽጉጦች ላይ አቅጣጫው የሚገለበጥበት አለ። ከአንድ ሽጉጥ ወደ ሌላ የሚቀይር ሰው ይህን ካልተለማመደ በጨለማ ይሳሳታል። የማካሮቭ ሌላው ጥሩ ነገር፣ መዶሻው ወርዶ ሳለ የመጀመሪያው የምላጭ ስበት ረጅምና ከባድ መሆኑ ነው። በድንገት የመተኮስ ዕድሉ ያንሳል። ከሁለተኛው ጥይት ጀምሮ ግን ምላጩ ቀላል ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱን ስበት ለየብቻ መለማመድ ያስፈልጋል።

ቶካሬቭ በመጀመሪያው አሠራሩ የእጅ መጠበቂያ የለውም። ያለው የመዶሻው ግማሽ ማቆሚያ ብቻ ነው። ሽጉጡ ሲያረጅ ያች ጥርስ ትበላለች፤ ሲወድቅም ሊተኩስ ይችላል። ቶካሬቭ ጥይት አጉርሶ ወገብ ላይ አይያዝም። ይህ ለድርድር አይቀርብም።

ግሎክና የመሳሰሉት ደግሞ ውጭ ላይ የሚገፋ መጠበቂያ የላቸውም። መጠበቂያቸው ምላጩ ላይና ውስጣቸው ነው። ወድቀው እንዳይተኩሱ ተደርገው ተሠርተዋል፤ ምላጩን የነካ ነገር ሁሉ ግን ያስተኩሳቸዋል። ጣትም ይሁን የጃኬት ገመድ፣ ቁልፍም ይሁን የጋቢ ጥለት፣ ለሽጉጡ ልዩነት የለውም። እንዲህ ዓይነት ሽጉጥ ያለ ጠንካራ ማኅደር (የሽጉጥ ማስገቢያ) ፈጽሞ አይያዝም።

አጉርሶ መያዝ ወይስ ሳያጎርሱ? ገና ለሚጀምር ሰው መልሴ ቀጥተኛ ነው። ካዝናው ሙሉ ይሁን፤ መጉረሻው ባዶ ይሁን። ለማጉረስ የሚወስደው ጊዜ ያሳስባል፤ አውቃለሁ። ነገር ግን በድንገት የሚተኮስ ጥይት ከዘራፊ ይልቅ ብዙ ቤት ያፈርሳል። እጅዎ ሲሠለጥን፣ ሽጉጡም ማኅደሩም የሚታመን ሲሆን እንደገና ያስቡበት።

7. ያገለገለ ሽጉጥ ሲመረምሩ

ባዶ መሆኑን አረጋግጠው ይፍቱት። ባለቤቱ መፍታት ካልቻለ ወይም ካልፈለገ ይተዉት። በርሜሉን ወደ ብርሃን አድርገው ይዩ። ውስጡ የሚሽከረከረው መስመር ጥርት ብሎ መታየት አለበት። የጉድጓድ ዝገት ወይም እንደ ቀለበት ያበጠ ቦታ ካለ አይግዙ። የካዝናው ከንፈር ተጣሞ ወይም ተሰንጥቆ እንደሆነ ይዩ፤ ጥይት የሚጋደምበት አብዛኛው ሰበብ ካዝናው ነው። መልሰው ከገጠሙት በኋላ የባዶውን ሽጉጥ መዶሻ ያንሡና፣ ምላጩን ሳይነኩ በአውራ ጣትዎ ከኋላ ገፋ ያድርጉት። መዶሻው ከወደቀ ያ ሽጉጥ አደገኛ ነው።

ከሁሉ በላይ የምጠነቀቀው ግን በርካሽ ከሚሸጡት ውስጥ ለድምፅ ብቻ ተሠርተው ኋላ ጥይት እንዲተኩሱ የተቀየሩትን ነው። ከውጭ ሲታዩ ያምራሉ፤ አዲስ ናቸው። ብረታቸው ግን የእውነተኛ ጥይት ጉልበት እንዲችል የተሠራ አይደለም። እጅ ላይ ሊፈነዱ ይችላሉ። ጣት የቀረበት፣ ዓይን የጠፋበት ሰው የሚኖረው በዚህ ነው። ሕጋዊም አይደሉም። በርሜሉ ላይ የጥይቱ ዓይነት ያልተጻፈ፣ የፋብሪካ ስሙ የተፋቀ፣ የብየዳ ወይም የቁፋሮ ምልክት ያለበት ከሆነ ይሽሹት።

8. ማኅደርና ልብስ

ሽጉጥን ሱሪ ውስጥ ዝም ብሎ መሻጥ የተለመደ ነው። እባክዎ ያቁሙት። ይንሸራተታል፣ ይወድቃል፣ ምላጩም ክፍት ነው።

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ለሚያውቁት ጥሩ የቆዳ ሠራተኛ ባዶውን ሽጉጥ ከነፈቃዱ አሳይተው ማሰፋት ይቻላል። የሚጠይቁት ይህ ነው። ምላጩን ሙሉ በሙሉ ይሸፍን። ተገልብጦ ቢነቀነቅ ሽጉጡን አይልቀቅ። ሽጉጡ ሲወጣ አፉ አይጨማደድ፤ ከተጨማደደ ሲመልሱት የቆዳው ጠርዝ ገብቶ ምላጩን ሊነካ ይችላል። ቀበቶውም ወፈር ይበል፤ ቀጭን ቀበቶ 700 ግራም ሲሸከም ይንጋደዳል።

ኪስ ውስጥ ከሆነ ያ ኪስ የሽጉጡ ብቻ ነው። ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ ስልክ አብሮ አይገባም። እዚያም ምላጩን የሚሸፍን የኪስ ማኅደር ይኑረው። በእጅ ቦርሳ መያዝን አልወደውም። ዘራፊ መጀመሪያ የሚነጥቀው ቦርሳውን ነው፤ ልጅም መጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ነው።

ጋቢ ደግሞ የራሱ ችግር አለው። ይሸፍናል፤ ሁለቱን እጅ ግን ያስራል። ጋቢ ለብሰው ከያዙ፣ ባዶውን ሽጉጥ ይዘው ጋቢውን በግራ እጅ ገልጦ በቀኝ ማውጣትን ደጋግመው ይለማመዱ። የጥጡ ብናኝ ተንሸራታቹ ውስጥና መዶሻው ሥር ይጠራቀማል። በየሳምንቱ በብሩሽ ማንሣት ይገባል።

ቤተ ክርስቲያን፣ ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ፣ ገበያ፣ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ቤት ይቅር። አረቄም ሆነ ጠላ በሚጠጣበት ቀን ከጠዋቱ ጀምሮ ይቆለፍ። ለደስታ ወደ ሰማይ መተኮስን በተመለከተ ደግሞ የወጣው ጥይት ይወርዳል፤ ሲወርድም ሰው ይገድላል። ሙሽራ በዚህ መንገድ ማጀብ ይቅር።

9. ልምምድ

ሜዳ ወጥቶ በዘፈቀደ መተኮስ አይፈቀድም፤ መንደርም ያስደነግጣል። ፈቃድ የሰጠዎትን ፖሊስ የት መለማመድ እንደሚቻል ይጠይቁ። እስከዚያው ያለ ጥይት ብዙ መሥራት ይቻላል። ጥይቱን ሌላ ክፍል ያስቀምጡ፤ ሽጉጡን ሁለቴ ያረጋግጡ፤ ሰው ወደሌለበት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አነጣጥረው ምላጩን ቀስ አድርገው ይሳቡ። የፊተኛው ማነጣጠሪያ ሳይነቃነቅ መዶሻው ከወደቀ ትክክል ነዎት። አሮጌ ሽጉጥ ላይ አያብዙት፤ መቺ መርፌው ሊሰበር ይችላል።

በጥይት ሲለማመዱ በ3 ሜትር ይጀምሩ፤ ከዚያ 5፣ ከዚያ 7። ጥይቱ ሳይፈነዳ «ጠቅ» ብሎ ከቀረ አፈሙዙን እንዳነጣጠሩ ለ30 ሰከንድ ይጠብቁ፤ አሮጌ ጥይት ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። ድምፁ ከወትሮው ያነሰ ከሆነ ደግሞ ያቁሙ። እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል። ሁለተኛውን ከተኮሱበት በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል።

10. መተኮስ የሚፈቀድልዎት መቼ ነው?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል። ጥቃቱ ሕገ ወጥ መሆን አለበት። የደረሰ ወይም ሊደርስ የቀረበ መሆን አለበት። በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል መሆን አለበት። መከላከያውም ከአደጋው ጋር መመጣጠን አለበት። ከመጠን ያለፈውን አንቀጽ 79 ይመለከተዋል፤ ያ ሰው በነፃ ይሄዳል ማለት አይደለም።

በጎጃም ኑሮ ሲታይ፦ በጉን ነድቶ የሚሸሽ ሌባ ጀርባ ላይ መተኮስ መከላከል አይደለም። በድንበር ክርክር ሽጉጥ መምዘዝ መከላከል አይደለም። ትላንት የሰደበን ሰው ዛሬ መፈለግ መከላከል አይደለም። ፍርድ ቤት ነፃ ቢያወጣዎት እንኳ ደም አለ። የሟች ወገን ደመኛ ይሆናል። ሽማግሌ ገብቶ፣ ካሣ ተቆጥሮ፣ ደሙ እስኪደርቅ ድረስ ልጆችዎ መንገድ ይቀየርባቸዋል። ገንዘብ ብቻ የፈለገ ዘራፊ ከሆነ ይስጡት። ሽጉጡ የሚወጣው ነፍስ ላይ ሲመጣ፣ መሸሺያም ሲጠፋ ብቻ ነው። ተኩሰው ከሆነ ደግሞ አደጋው እንዳለፈ ሽጉጡን ያስቀምጡ፣ ፖሊስ ይጥሩ፣ የተጎዳው እንዲታከም ያድርጉ፣ ከቦታው ምንም አያንቀሳቅሱ።

11. ቤት ውስጥና በክረምት

ትራስ ሥር፣ ቁም ሣጥን ላይ፣ ግድግዳ ላይ በምስማር አይቀመጥም። ልጅ ያላየው የሚመስለንን ሁሉ ያውቃል። ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን ይግዙ፤ ግድግዳ ወይም ወለል ላይ ይታሰር። ጥይቱ በሌላ ቁልፍ ይቀመጥ። ቁልፎቹ ከእርስዎ አይለዩ።

ከሰኔ እስከ መስከረም የእኛ አገር እርጥበት ብረት ይበላል። የሰውነት ላብም ያግዘዋል። ሽጉጡን ቆዳ ማኅደሩ ውስጥ አያሳድሩት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ማታ አውጥተው በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ቀጭን የመሣሪያ ዘይት በስሱ ይቀቡ። የምግብ ዘይትና ቅባት ይረጋል፤ አይጠቀሙ። የተኮሱት አሮጌ የሶቪየት ዘመን ጥይት ከሆነ ባሩዱን የሚለኩሰው ነገር ጨው ይተዋል። ጨውን ዘይት አያነሣውም። በዚያው ዕለት በርሜሉን በሙቅ የሳሙና ውኃ ያጥቡ፤ እስኪደርቅ ይጥረጉ፤ ከዚያ ዘይት ይቀቡ። በማግስቱ በነጭ ጨርቅ አንድ ጊዜ ይሞክሩት፤ ቡናማ ነገር ይዞ ከወጣ ይድገሙት።